ወሳኝ ሌላ፥ ከፋይ ሌላ

በ2015 ዓመት በሴፕቴምበር 3 ቀን ማታ፥ በቴኔሲ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ በአፓላሽያን ተራሮች መካከል በምትገኘው በጆንሰን ሲቲ፥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት በሆነ ሜዳ ላይ ሁለት የዩኒቨርስቲ የእግር ኳስ ቡድኖች ለጨዋታ ተሰለፉ። አስተናጋጁ የምሥራቅ ቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርስቲ፥ ቡድኑን ከ2003 የጨዋታ ዘመን በኋላ በትኖት ስለ ነበረ፥ ያ ማታ ከመቃብር እንደ ተነሣ ሰው በወዳጆቹ ፊት የቆመበት ማታ ነበር፤ እንግዳው ደግሞ ከአትላንታ ከተማ በስተሰሜን የመጣው የኬነሶ ስቴት ዩኒቨርስቲ፥ ከተቋቋመበት ከ1963 ዓመት ጀምሮ እስከዚያች ዕለት ድረስ በዚህ ጨዋታ ተሰልፎ የማያውቅ፥ ገና የተወለደ ቡድን ነበረ። እንግዳው 56 ለ16 አሸንፎ ተመለሰ። እኔ ግን ያንን ጨዋታ የማነሣው ስለ ውጤቱ አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች ከአንድ ምንጭ፥ ማለት ከተማሪዎች በየመንፈቀ ዓመቱ በግዴታ ከሚሰበሰብ መዋጮ የተወለዱ ሲሆኑ፥ መዋጮው የተወሰነበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ስለ ነበረ ነው። በኬነሶ ተማሪዎች በጠቅላላው ተጠይቀው እሺ አሉ፤ በጆንሰን ሲቲ ግን ተማሪዎች ተጠይቀው እምቢ ካሉ በኋላ፥ ያው ጥያቄ ስድስት ዓመት ቈይቶ ወደ እንደራሴዎቻቸው ዞረና እሺታው ከዚያ ተገኘ።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን፥ «እግር ኳስ» የምለውም እኛ የምናውቀውን ሳይሆን አሜሪካውያን በዚህ ስም የሚጠሩትን፥ ኳሱ ሞላላ ሆኖ በእጅ የሚያዝበትንና የሚወረወርበትን፥ ተጫዋቾቹም የራስ ቍርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው የሚጋጩበትን ጨዋታ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ። ከኮሌጅ ጨዋታዎች ሁሉ ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ነው። በላይኛው ክፍል የሚጫወት ዩኒቨርስቲ ለ85 ተጫዋቾች፥ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚጫወት ደግሞ በ63 ተጫዋቾች ልክ ነጻ ትምህርት እንዲሰጥ ለብዙ ዘመን ተፈቅዶለት ኖሯል፤ በዚህ ላይ የአሠልጣኞቹ ደመወዝ፥ የጕዞው፥ የሐኪሙ፥ የሜዳው ወጪ ይጨመራል። እንደገናም ከ1972 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ሕግ በትምህርት ቤት ውስጥ ወንድና ሴት በእኩል ዓይን እንዲታዩ ስለሚያዝ፥ ለወንዶች ይህን ያህል ቦታ የከፈተ ዩኒቨርስቲ ብዙ ጊዜ ለሴቶችም በአንጻሩ አዲስ ቡድን ማቋቋም ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ «እግር ኳስ እንጀምር» የሚለው ቃል በተማሪዎች ፊት ሲቀርብ፥ በውስጡ ያለው ወጪ ከስሙ ይልቅ እጅግ የሰፋ ነው።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። በኖቬምበር 6 ቀን 1869 የራትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች በኒው ጀርሲ ግዛት በኒው ብሩንዝዊክ ከተማ ከየወገናቸው 25 ሆነው ሲጋጠሙና ራትገርስ 6 ለ4 ሲያሸንፍ፥ ጨዋታውን ያሰቡትም፥ ደንቡን የተስማሙበትም፥ ባቡር ተሳፍረው የሄዱትም ራሳቸው ተማሪዎቹ ነበሩ። መምህራኑ አላዘዙም፤ ሹሞቹም አልፈረሙም። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት የየኮሌጁ ተማሪዎች የስፖርት ማኅበር እያቋቋሙ፥ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ከመካከላቸው እየመረጡ፥ ለልብሱና ለጕዞው የሚሆነውን ከጓደኞቻቸው በፈቃድ ይሰበስቡ ነበር። ይህ ገንዘብ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚቀመጥ ሙዳየ ምጽዋት ነበር ማለት ይቻላል፤ የወደደ ይጥላል፥ ያልወደደ ያልፋል፥ የጣለውም ሰው ገንዘቡ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢፈልግ ገንዘብ ያዡ ጎረቤቱ ነውና ሄዶ ይጠይቀዋል። የዚያን ጊዜው ግልጽነት ከሕግ የመጣ አልነበረም፤ ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ጣራ ሥር ስለሚያድሩ ብቻ የተገኘ ነበር።

ቅርበቱ የጠፋው ገንዘቡ ሲበዛ ነው። በዬል ዩኒቨርስቲ፥ የዚህ ጨዋታ አባት ተብለው የሚጠሩት ዎልተር ካምፕ፥ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ከብዙ ዓመት በኋላም የተማሪዎቹን የስፖርት ማኅበራት ገንዘብ በአንድነት ይጠብቁ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ላይ ከመግቢያ ዋጋ የተረፈው ተጠራቅሞ ወደ 100,000 ዶላር የደረሰ ገንዘብ በካምፕ እጅ መኖሩ ሲገለጽ፥ ብዙ ሰው ተደነቀ፤ በዚያን ዘመን 100,000 ዶላር የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሀብት ነበርና። እኔ በዚህ ታሪክ ላይ ሳሰላስል የሚከብደኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ማኅበሩ በስሙ የተማሪዎች ሆኖ ሳለ፥ ተማሪዎቹ የራሳቸውን መዝገብ እንደ ባዕድ ዜና ከውጭ ሲሰሙት ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከተማሪዎች እጅ ወጥቶ በቀድሞ ተማሪዎች፥ በአሠልጣኞችና በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። የካርኔጊ የትምህርት ድርጅት በሃዋርድ ሳቬጅ መሪነት 130 ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ትልቁን ሐተታ ያወጣው በኦክቶበር 24 ቀን 1929፥ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መናድ በጀመረበት በዚያው ዕለት ነው፤ ሐተታው ተጫዋቾችን በገንዘብ መሳብ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ካሳየ በኋላ ጨዋታው ለተማሪዎች ይመለስ ዘንድ መክሮ ነበር። ምክሩን የሰማ ጥቂት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርስቲ በ1939 እግር ኳስን ፈጽሞ ሲተው እንኳ፥ ውሳኔው የፕሬዚዳንቱ የሮበርት ሃቺንስና የበላይ ጠባቂዎቹ እንጂ የተማሪዎች አልነበረም።

የግዴታው መዋጮ የገባው በዚህ መካከል ነው። የመግቢያ ዋጋ ቡድኑን መመገብ ሲያቅተው፥ በተለይም ብዙ ተመልካች በማያገኙት በመካከለኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች፥ ጕድለቱ በትምህርት ክፍያው ላይ እየተጨመረ ከእያንዳንዱ ተማሪ ይሰበሰብ ጀመር። ሙዳየ ምጽዋቱ ግብር ሆነ። ጨዋታ የሚያየውም የማያየውም፥ ቀን እየሠራ ማታ የሚማረውም፥ ልጅ የምታሳድገው እናትም እኩል ይከፍላሉ፤ ብዙዎቹም የሚከፍሉት ተበድረው ስለሆነ፥ በመኸር ወራት የተደረገ ጨዋታ ዋጋው ከነወለዱ ከዐሥር ዓመት በኋላ ከደመወዛቸው ይቈረጣል። እንዲህ ያለው የግዴታ ክፍያ በጠቅላላው ሕጋዊ ነውን የሚለው ጥያቄ፥ በጨዋታ ሳይሆን በተማሪዎች ማኅበራት ምክንያት ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ የዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ባነሡት ክስ ላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2000 ሲፈርድ፥ ዩኒቨርስቲ የተማሪዎችን መዋጮ በግዴታ ሊሰበስብ እንደሚችል፥ ነገር ግን ለማኅበራቱ ሲያካፍል በአሳባቸው ምክንያት ሊያዳላ እንደማይገባ ወስኗል። በዚያው ፍርድ፥ የአንድ ማኅበር ዕድል በብዙኃኑ ድምፅ ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ጥቂቶቹን እንደሚያሰጋ መነገሩ ይታወሳል። ይህ ቃል ስለ ኳስ የተነገረ አይደለም፤ ሆኖም ድምፅ መስጠት ሁልጊዜ የፍትሕ ማኅተም ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ቴክሳስ እንሻገር፤ ይህ ታሪክ በሁለት መልኩ የታየው በዚያ ነውና።

የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ በአርሊንግተን በ1980 ለእግር ኳሱ አዲስ ስታዲየም ሠርቶ ከፈተ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን፥ በ1985 የጨዋታ ዘመን ማብቂያ፥ ፕሬዚዳንቱ ወንደል ኔደርማን ጕድለቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መሄዱን ገልጸው ቡድኑን አፈረሱት። ስታዲየሙ ቀረ፥ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎ በ2004 ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ የትምህርት ሰዓት ሁለት ዶላር ተጨምሮ እግር ኳስ ይመለስ፥ ከእርሱም ጋር የሴቶች ቡድኖች ይቋቋሙ በሚለው ጥያቄ ላይ ድምፅ ሰጥተው፥ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ደገፉት። በዚያው ዓመት የተሾሙት ፕሬዚዳንት ጄምስ ስፓኒዮሎ ግን ነገሩን መርምረው፥ የተባለው ገንዘብ ለተባለው ሥራ እንደማይበቃ ስላመኑ፥ ቡድኑን አላቋቋሙም። ተማሪዎቹ «አዎን» ብለው ሳለ መልሱ «አይሆንም» ሆነ። ብዙዎች በዚህ አዝነው ነበር፤ እኔም ድምፁን የሰጠውን ተማሪ ኀዘን አላቃልለውም፤ ነገር ግን ጥፋቱ የነበረው በመጨረሻው መልስ ሳይሆን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። ድምፁ ምክር እንጂ ፍርድ አለመሆኑ፥ የቀረበውም ገንዘብ ሙሉውን ወጪ አለመሸፈኑ በድምፅ መስጫው ላይ ከስሙ እኩል ጐልቶ ቢጻፍ ኖሮ፥ ድምፅ የሰጠው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ባደረገው ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ የምትገኘው ሳን አንቶኒዮ ከተማ ደግሞ የተገላቢጦሹን አሳየች። በዚያ ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ በሴፕቴምበር 2007 ተማሪዎቹን ሲጠይቅ፥ የስፖርቱ መዋጮ ሙሉ ትምህርት ለሚወስድ ተማሪ በየመንፈቀ ዓመቱ ከ120 ዶላር እስከ 240 ዶላር ከፍ ሊል እንዲችል ነበረ፤ በዚህም ከድምፅ ሰጪዎቹ ሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ተስማሙ። በዚህ ስፍራ ቃሉ ተፈጸመ። በ2001 የማያሚን ዩኒቨርስቲ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያበቁት ላሪ ኮከር አሠልጣኝ ሆነው መጡ፤ የመጀመሪያውም ጨዋታ በሴፕቴምበር 3 ቀን 2011፥ ማለት ከጆንሰን ሲቲው ማታ ልክ ከአራት ዓመት በፊት፥ በአላሞዶም አዳራሽ በ56,743 ተመልካች ፊት ተደረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ሰው አዲስ ለተቋቋመ የኮሌጅ ቡድን ወጥቶ አያውቅም ነበር። የከተማው ደስታ እውነተኛ ነበር፥ ይህንንም መካድ ለታሪክ አይገባም።

ነገር ግን ዘመኑን እንቍጠረው። በሴፕቴምበር 2007 ድምፅ ከሰጡት መካከል የአንደኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ትምህርቱን በጊዜው ከጨረሰ የወጣው በ2011 በፀደይ ወራት ነው፥ ጨዋታው የተጀመረው ግን በዚያው ዓመት በመኸር ነው። ከእርሱ የሚቀድሙትማ ከብዙ ጊዜ በፊት ሄደዋል። በ2011 መዋጮውን የከፈሉት፥ በ2015ም የከፈሉት፥ ዛሬም የሚከፍሉት ድምፁ በተሰጠበት ቀን የሁለተኛ ደረጃ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች፥ አንዳንዶቹም በእናታቸው ጀርባ የሚታዘሉ ሕፃናት ነበሩ። በኬነሶም እንዲሁ ነው፤ የጆርጂያ ዩኒቨርስቲ ስመ ጥር አሠልጣኝ የነበሩት ቪንስ ዱሊ የመሩት ኮሚቴ ነገሩን አጥንቶ ካቀረበ በኋላ፥ ተማሪዎቹ በኖቬምበር 2010 በየመንፈቀ ዓመቱ 100 ዶላር እንዲጨመር ድምፅ ሰጡ፥ የመጀመሪያው ጨዋታ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሆነ። ይህን የአንድ ሰው ተንኰል አድርጌ አላየውም፤ ስታዲየም ለማደስ፥ አሠልጣኝ ለመቅጠር፥ ተጫዋች ለመመልመል ጊዜ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የዩኒቨርስቲ ሕዝብ በየአራት ዓመቱ ፈጽሞ የሚለዋወጥ ሕዝብ ነው፥ እንደ መንደር ወይም እንደ ደብር አይደለም፤ በመንደር እሺ ያለው ሰው ነገ ዕዳውንም አብሮ ይሸከማል፥ በዩኒቨርስቲ ግን እሺ ያለው ይሄዳል፥ ዕዳው ግን ይቀመጣል። የገባንበትም የግልጽነት ጥያቄ ከዚህ ላይ ይከብዳል፤ ድምፅ የሚሰጥ ተማሪ የሚወስነው ስለ ራሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፥ በአብዛኛው ስለማያውቀውና ስለሚከተለው ልጅ ገንዘብ መሆኑን የነገረው ማን ነው?

ወደ ጆንሰን ሲቲ ልመለስ። የምሥራቅ ቴኔሲ ተማሪዎች እግር ኳስ እንዲመለስ መዋጯቸው ይጨመር እንደ ሆነ በ2007 በድምፅ ተጠይቀው አንፈልግም አሉ። በ2013 ግን በአዲሱ ፕሬዚዳንት በብራያን ኖላንድ ዘመን ነገሩ እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ የሰጠው የተማሪዎቹ ምክር ቤት ሲሆን፥ በየመንፈቀ ዓመቱ 125 ዶላር እንዲጨመር በአብላጫ ድምፅ ተስማማ፥ የበላይ ጠባቂዎቹም አጸደቁት። ምክር ቤቱ የተማሪዎች እንደራሴ ነውና፥ በሕግ ዓይን ነውር የለበትም። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ጥያቄው ለሁሉ ቀርቦ መልሱ እምቢታ ሲሆን ከዚያ በኋላ ለጥቂቶች መቅረቡ፥ በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት ቢያልፍም፥ በ2007 እምቢ ያሉት ሁሉ ተመርቀው ሄደው ቢሆንም፥ ለአሳቢ ሰው ጥርጥር ሳያሳድር አይቀርም። ቡድኑን ለማስመለስ ከልብ ይደክሙ የነበሩት የከተማው ሰዎች ፍቅር ንጹሕ ነበር፤ ቡድን የሌለው መኸር ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ለእነርሱ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበር። እንዲያውም ፍቅሩ ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ፥ ተማሪዎቹ ሁሉ ዳግመኛ ቢጠየቁ ምን ያስፈራ ነበር?

በካሊፎርኒያ ያለው ትልቁ የስቴት ዩኒቨርስቲ ሥርዓት ስለዚህ ነገር የጻፈው ደንብ ከሁሉ ይልቅ የታሰበበት ይመስለኛል። አዲስ መዋጮ ለድምፅ ሲቀርብ፥ ዩኒቨርስቲው አስቀድሞ ለተማሪዎች መጽሔት አውጥቶ፥ ስለ ክፍያው ያላደላ ማብራሪያ፥ ከእርሱም ጋር የደጋፊዎቹንና የተቃዋሚዎቹን ጽሑፍ ጐን ለጐን እንዲያትም ያዝዛል። አንባቢው ልብ እንዲል የምፈልገው የመጨረሻውን ነው፤ የተቃዋሚው ቃል በዩኒቨርስቲው ወጪ ታትሞ በመራጩ እጅ ይገባል። ያም ሆኖ ይኸው ደንብ ድምፁን ለፕሬዚዳንቱ እንደ ምክር ብቻ ይቈጥረዋል፥ ድምፅ መስጠቱም በማይመችበት ጊዜ በሌላ ዓይነት ምክክር እንዲተካ በር ይከፍታል፤ የግዛቲቱም ኦዲተር በ2020 ባወጣው ሐተታ የተመረመሩት ዩኒቨርስቲዎች ከድምፁ ይልቅ በዚህ በር መውጣትን ማዘውተራቸውን ነቅፏል።

የቨርጂንያ ግዛት ደግሞ ጥያቄውን ለተማሪዎች ከመተው ይልቅ ራሱ አጥር ሠራ። በ2015 ኪርክ ኮክስ በተባሉት የምክር ቤት አባል አቅራቢነት የወጣው ሕግ፥ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ ለስፖርቱ ከሚያወጣው ወጪ ምን ያህሉን በተማሪዎች መዋጮ ሊሸፍን እንደሚችል በየክፍሉ ወሰነ፤ ለታላላቆቹ ሊጎች አባላት 20 በመቶ፥ ለሌሎቹ የላይኛው ክፍል ቡድኖች 55 በመቶ፥ ከዚያ በታች ላለው የእግር ኳስ ክፍል 70 በመቶ። እነዚህን አኃዞች ያነበበ ሰው መረዳት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሕጉ 70 በመቶን የመጨረሻ ወሰን ካደረገ፥ ከስታዲየሙ ደጅ ገንዘብ ይገባል እየተባለ በሚወራለት ጨዋታ፥ ገንዘቡ ይመጣ የነበረው በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ የክፍያ መስኮት ነበር ማለት ነው።

ሰሜን ቨርጂንያ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት አገር መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ የታክሲ ነጂውና የሆስፒታል ረዳቷ ልጆች በነዚህ ዩኒቨርስቲዎች ይማራሉ። የእህቴ ልጅ ከእነርሱ አንዷ ናት። አንድ ቀን የዩኒቨርስቲዋን የክፍያ ወረቀት ይዛ መጥታ በገበታው ላይ ዘረጋችልኝ። የትምህርቱ ዋጋ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ከበታቹ «የግዴታ ክፍያ» የሚል ሁለተኛ መስመር አለ፥ ቍጥሩም ትልቅ ነው፥ ምን ምን እንደሚያጠቃልል ግን አንድም ቃል የለበትም። ቤተ መጻሕፍቱ ይሁን፥ አውቶቡሱ፥ ሐኪም ቤቱ ወይም ስፖርቱ፥ ሁሉ በአንድ ከረጢት ታስሯል። ልጂቱ በሳምንት ሦስት ማታ በምግብ ቤት እየሠራች የምትማር ስለሆነች፥ አንድም ጨዋታ አይታ አታውቅም።

«አጎቴ፥ ይህን የወሰነው ማን ነው?» አለችኝ።

ከላይ የጻፍሁትን ታሪክ ባጭሩ ነገርኋት፥ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ መዝገብ የሕዝብ መዝገብ ስለሆነም የመጠየቅ መብት እንዳላት ጨመርሁላት። እርስዋም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ገንዘብ ቤቱ ሄዳ ጠየቀች። በመስኮቱ የነበረችው ሴት በትሕትና አስተናግዳት፥ ቈይታም አንድ ገጽ አትማ ሰጠቻት፤ በዚያ ገጽ ላይ ስፖርት ለብቻው ተጽፎ፥ ዋጋው በአንጻሩ ተቀምጦ ነበር። ልጂቱ ወረቀቱን አጥፋ ከብድሯ ውል ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አኖረችው።